ንጉሡ አልፈርምም ባሉ ጊዜ

ስልኬ ሲጠራ ኮሌጁ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ የዕለቱን ትምህርት እየከለስኩ ነበር። የማስተምረው የአውሮፓ ታሪክ ነው። የዚያ ቀን ርዕሴም የአውሮፓ ነገሥታት ሥልጣናቸውን በሕግና በፓርላማ ሥር እንዴት እንዳስገቡ፣ አንዳንዶቹም በግድ እንዴት እንደገቡ ነበር። የደወለችልኝ ሜሪላንድ ውስጥ አስፐን ሂል የምትኖር የዕድራችን አባል ናት። ባሏ ከታመመ ወራት አልፈውት ስለነበር ገና «ሄሎ» ስትል ነገሩ ገባኝ።

«አረፈ?»

«ንጋት ላይ አረፈ» አለች።

እሷ ቤቷ ውስጥ፣ እኔ መኪናዬ ውስጥ፣ ሁለታችንም ትንሽ አለቀስን። እኔም እንደ ዕድሩ ጸሐፊ የሚጠየቀውን ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እንዳትጮኺብኝ። አትቅበሩኝ ብሏል። አቃጥሉኝ ነው ያለው።»

አልጮህኩም። የመኪናው መስኮት ተዘግቶ ሳለ አየሩ ሁሉ የወጣ መሰለኝ። በዕድራችን አስከሬኑ ሀገር ቤት የተላከ አለ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የተቀበረ አለ፤ እስከማውቀው ድረስ እሳት የገባ ግን አንድም የለም። ፈረንጅ የሥራ ባልደረቦቻችን ሲያደርጉት እናያለን፤ ከቀብር መልስም መኪና ውስጥ «ውይ፣ እኔስ!» እያልን እንሳቀቃለን።

«ለምን?» አልኳት።

«ሜትሮ ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ ታውቂ የለ?»

አውቃለሁ። እንዲያውም እንቀልድበት ነበር። ባቡሩ ከመሬት በታች ስለሚሄድ የትም በመኪና ነበር የሚሄደው፤ መሀል ከተማ ድረስ በትራፊክ ተጨናንቆ መንዳት ይመርጥ ነበር። መኪናውን የሚወድ ይመስለን ነበር። እውነቱን የዚያን ጠዋት ሰማሁ። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ የቧንቧ መስመር ሲቆፍሩ ጉድጓዱ ተንዶባቸው አብሮት የነበረው ሰው ሞተ። እሱን አፈሩን ዝቀው በሕይወት አወጡት። ከዚያ በኋላ ከመሬት በታች ወርዶ አያውቅም። ቤት ሲፈልጉ እንኳ ቤዝመንት የሚሉት ምድር ቤት ያለውን ሁሉ እንቢ እያለ ኤጀንቷን አሰልችቷት ነበር። ሚስቱ ይህን ሁሉ ያወቀችው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። «አፈሩን መልሳችሁ እንዳታለብሱኝ» አላት፤ እጇንም ይዞ አስማላት።

«ቄሱን ጠየቅኋቸው» አለችኝ። «ካቃጠልሽው ፍትሐት የለም አሉኝ፤ አዝነው ነው ያሉኝ። አሁን ዕድሩ ምን ሊለኝ ነው?»

«እኔ እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ክፍል እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ቀን ሲሠሩ ውለው ወይ ከሥራ በፊት የሚመጡ ጎልማሶች ናቸው። እንግሊዞች የአንዱን ንጉሣቸውን አንገት እንደቆረጡ፣ ጥቂት ዓመት ያለ ንጉሥ ከኖሩ በኋላ ልጁን ጠርተው እንዳነገሡ፣ ቀጥሎም ወንድምየውን አባርረው ዙፋኑን ከባሕር ማዶ ለመጡ ባልና ሚስት እንደሰጡ ነገርኳቸው። ሲሰጧቸው ግን እንዲሁ አልነበረም፤ የማይፈቀድላቸውን ነገር አስቀድመው አንብበውላቸው ነው። ዴንማርክ ውስጥ ሕዝቡ ወደ ቤተ መንግሥት ሲተም ንጉሡ «የምትጠይቁትን ቀድሜ ፈጽሜዋለሁ» ብሎ እንደተቀበላቸው፣ ኖርዌዮች ንገሥልን ብለው የለመኑት ልዑል ደግሞ «መጀመሪያ ሕዝቡ ድምፅ ይስጥበት» እንዳለ አወራሁ።

አንዱ ተማሪዬ እጁን አወጣ። «እምቢ ማለት የማይችል ንጉሥ ምን ያደርጋል?» አለ።

የቤልጅየሙን ንጉሥ ታሪክ የነገርኳቸው ይህን ለመመለስ ነው። ፓርላማው ፅንስ ማስወረድን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ንጉሡ ሃይማኖተኛ ካቶሊክ ነበርና ኅሊናዬ ስለማይፈቅድ አልፈርምም አለ። የእሱ ፊርማ ከሌለ ሕጉ ሕግ አይሆንም። ተማሪዎቼ ቀጥሎ የሆነውን ስነግራቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሐሳቤ ግን አስፐን ሂል ነበር።

አሁን ስለ ሊቀመንበራችን መናገር አለብኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ ሰማንያን የተሻገሩ አዛውንት ናቸው። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተዋል። ዕድሩን የመሠረቱት ዘመድ ያልነበረው አንድ ወጣት ሞቶ አስከሬኑን የሚጠይቅ በጠፋ ጊዜ ነው፤ ከታክሲ ማቆሚያ ታክሲ ማቆሚያ እየዞሩ ሰው ሰብስበው አስቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። የትኛው የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት፣ ፊውነራል ሆም የሚሉት፣ ሰው እንደሚያዳምጥ፣ አስከሬን ሀገር ቤት ለመላክ ምን እንደሚያስፈልግ፣ ለልጅ የእናቱ ሞት እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ። የእኔንም እናት የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ባይሎውን፣ የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ፣ የጻፉትም ራሳቸው ነበሩ። «ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል፤ ሊቀመንበሩ ያጸድቃል» ይላል። ያለ እሳቸው ፊርማ ዕድሩ ለማንም አይከፍልም። የሥልጣን ዘመን የሚባል ነገር አልተጻፈም፤ ሊቀመንበሩ የሚነሳበት አንቀጽም የለም። ይህን ሁሉ እኔ በየዓመቱ እያነበብኩ አልፌዋለሁ። አውሮፓን ለሰው የማስተምር ሴት ምን ዓይነት መንግሥት ውስጥ እንደምኖር አስቤው አላውቅም ነበር። የማይፈርሙት ነገር መጥቶ ስለማያውቅ ማንም አላሰበውም።

ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንከራየው አዳራሽ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ጌይተርስበርግ የሚኖረው ገንዘብ ያዣችን፣ ጎልማሳ ነው፣ መናገርም ይችላል፣ መጀመሪያ ተነሥቶ «የሟች ፍላጎት ነው፤ ዕድሩ ሰው የመርዳት እንጂ ሃይማኖት የማስተማር ሥራ የለውም» አለ። ከወሎ የመጡ አንዲት ሙስሊም እናት ተነሡ። እሳቸው ከባላቸው ጋር ዕድሩ ሲመሠረት ጀምሮ አባል ናቸው። «በእኛም ሃይማኖት አይቃጠልም» አሉ። «ሰውነቴን ነው የወረረኝ። ግን ሰውየው ፈርቶ ነው፤ የፈራን ሰው ሬሳውን እንዴት ታስፈራሩታላችሁ?» አንድ ሽማግሌ «ነገ ልጆቻችን ሁላችንንም እንዲህ ያደርጉናል!» ብለው ጮኹ። ሌላው መልሶ በእሳቸው ላይ ጮኸ። የሟች ሚስት ከፊት ወንበር ላይ ጥቁር ለብሳ ጭኗን እያየች ተቀምጣለች።

ድምፅ ተሰጠ። ዕድሩ እንዲረዳት ተወሰነ፤ ብልጫው ትንሽ ቢሆንም ተወሰነ። እፎይ አልኩ። ወረቀቱን ይዤ ወደ አባባ ሄድኩ፤ እንደ ወትሮው ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ ብዬ ቆምኩ።

አላወጡም። ቀስ ብለው ተነሡ።

«ውሳኔያችሁን ሰምቻለሁ» አሉ። «ይቺ እጅ ግን ለዚህ አትፈርምም።»

ደረጃ ያለ መስሎት ባዶ እንደረገጠ ሰው ሆንኩ። ቀጥሎ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገረ። ገንዘብ ያዡ «እንግዲያው ይውረዱ!» አለ፤ እንዲህ ብሎ የጮኸባቸው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እሳቸው «አልወርድም» አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ባይሎውን አምጪ» ተባልኩ። ገለጥኩት። ምንም የለበትም። ያልፈረመ ሊቀመንበር ምን እንደሚደረግ የሚናገር አንዲት መስመር የለም። አስከሬኑ ፊውነራል ሆም ነው፤ እነሱ ክፍያው ሳይረጋገጥ አይጀምሩም። የሟች ሚስት ቀና ብላ አባባን አየቻቸው። ዓይኗ ውስጥ እንባ አልነበረም፤ ድንጋጤ ብቻ ነበር። ባሏን ሆስፒታል ሳምንት በሳምንት ሲጠይቁት የነበሩ ሰው ናቸው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። ቤልትዌዩን፣ ከተማዋን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ይዤ የዊልሰንን ድልድይ እስክሻገር ድረስ ምን እንደምላቸው ጮክ ብዬ እየተለማመድኩ ነበር። ልለምናቸው፣ ላለቅስባቸው፣ እናቴን ላነሳባቸው አስቤያለሁ። የሚኖሩት ከፍ ያለ ሕንፃ ላይ ነው፤ ከመስኮታቸው ሀይዌዩ ይታያል። ብቻቸውን ናቸው። ሻይ ራሳቸው አፍልተው አቀረቡልኝ፤ ላግዝ ብል አልፈቀዱም።

«ልጄ፣ እኔ አታቃጥሉት አላልኩም። አልፈርምም ነው ያልኩት። ሁለቱ አንድ ነው?»

«በባይሎው አንድ ነው፣ አባባ። እርስዎ ካልፈረሙ ምንም አይንቀሳቀስም።»

«ባይሎውን ማን ጻፈው?»

«እርስዎ።»

«እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ!» አሉና የመስኮቱ መስታወት ላይ አፈጠጡ። እንቅልፍ ያልተኛ ሰው ፊት ነበራቸው። «ሰውየውን እወደው ነበር። ቢሆንም ሞቼ እግዜር ፊት ስቆም በዚህ እጅ ፈርሜ አልቆምም። ምን ላድርግ?»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። የቤልጅየሙን ንጉሥ ታሪክ ነገርኳቸው። ሕጉ ምን እንደነበረ፣ ንጉሡ ምን እንዳለ ስነግራቸው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ንጉሡ ነው እምቢ ያለው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን አደረጉት? ገደሉት?»

«ኧረ አልገደሉትም!»

«አባረሩት?»

«አላባረሩትም። ራሱ ነው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ‹እኔ መፈረም አልችልም፤ የፓርላማውንም ሥራ ማገድ አልፈልግም፤ መላ ፈልጉ› ያለው። እነሱም ንጉሡ ለጊዜው መንገሥ አልቻለም ብለው አወጁ። በእሱ ፈንታ ሚኒስትሮቹ ፈረሙ፤ ሕጉ ወጣ። ከዚያ ፓርላማው ተሰብስቦ ወደ ዙፋኑ መለሰው። ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም።»

አባባ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ሕፃን ተረት ሲሰማ እንደሚሆነው ሆኑ።

«ለሁለት ቀን ንጉሥ አልነበራቸውም?»

«አልነበራቸውም።»

«ሰማይም አልተደፋ?»

«አልተደፋም።»

ሀይዌዩ ላይ መኪናው ይጎርፋል። «ሲመልሱት ሁሉም ነው የመለሱት?» አሉ።

«የተቃወመ አልነበረም። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉ ግን ብዙ ነበሩ።»

«እህ» አሉ፤ ይህቺ ነገር ከሁሉ በላይ የገባቻቸው መሰለኝ። «ካልመለሱትስ ኖሮ?»

«ሳይፈራ አልቀረም» አልኳቸው።

«እየፈራ ነው ያደረገው?»

«ይመስለኛል።»

ተነሡ፣ ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ተመለሱ። «እንግዲያው አድርጉት» አሉኝ። «አንድ ነገር ግን አለኝ። አመማቸው ብላችሁ እንዳትጽፉ። ደኅና ነኝ። ኅሊናቸው አልፈቀደም ብላችሁ ጻፉ።»

ይህን ያህል በቀላሉ ይሆናል ብዬ ስላልጠበቅሁ ክው ብዬ ቀረሁ።

ማታውኑ የቦርዱ ስብሰባ በስልክ ተደረገ። ሊቀመንበሩ በኅሊናቸው ምክንያት ይህን ውሳኔ ማጽደቅ ስላልቻሉ ለዚህ ጉዳይ ሥራቸውን ምክትሏ እንድትይዝ የሚል ውሳኔ አረቀቅሁ። ምክትላችን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፔትዎርዝ የምትኖር ነርስ ናት፤ ነገር አታበዛም። «እፈርማለሁ» አለች፤ ቀጠለችና «ግን እንዲህ ያለው ነገር ዳግም ቢመጣስ? በየጊዜው ልናወርዳቸው ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔም ሳላስበው የሉክሰምበርጉን ተናገርኩ። እዚያም የሀገሩ ራስ የሆነው መስፍን በኅሊናዬ አልፈርምም ሲል ፓርላማው ከሕገ መንግሥቱ አንዲት ቃል አውጥቶ ጣለ፤ ከዚያ ወዲህ መስፍኑ ሕግ ያውጃል እንጂ አያጸድቅም። ነገሩን ለወሬ ያህል ነበር ያነሣሁት። ገንዘብ ያዡ ስልኩ ላይ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ እንደነበር ልብ አላልኩም።

ምክትሏ ፈረመች። አስከሬኑ የሚቃጠልበት ቀን ተቆረጠ።

የመጣነው ጥቂት ሰዎች ነበርን። ስብሰባው ላይ የደገፉት እንኳ ብዙዎቹ ሥራ አለን ብለው ቀሩ፤ አልፈርድባቸውም። አስከሬን የሚቃጠልበት ሕንፃ ዝም ያለ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ክሊኒክ ይመስላል። ከመኪናዬ ወርጄ ወደ በሩ ስሄድ ፓርኪንጉ ጥግ ላይ አንድ የማውቀው አሮጌ መኪና ቆሞ አየሁ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አባባ ሀይዌይ ላይ መንዳት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ቁልፉን ሊቀማቸው ሁሉ ሞክሮ ነበር። ከአሌክሳንድሪያ ድልድዩን ተሻግረው ብቻቸውን ነድተው መጥተዋል። ከኮታቸው ላይ ነጠላ ደርበው ከመኪናው ጎን ቆመዋል።

«አባባ! ማን አመጣዎት?»

«እኔው። ወደ ውስጥ አልገባም፤ እዚሁ ነኝ።»

የሟች ሚስት ከውስጥ አይታቸው ኖሮ ወጣች። አረማመዷ አስፈራኝ፤ የምትጮህባቸው መሰለኝ። ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ለምን መጡ?»

«ልሸኘው።»

«ሳይፈርሙ?»

«ሳልፈርም።»

ተያዩ። ንፋሱ ነጠላቸውን ያንቀሳቅሰዋል። እሷ ቀስ ብላ ግንባሯን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች፤ በዚያው ሳግ ያዛት። እሳቸው እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው በግዕዝ ጸሎት ጀመሩ፤ ከአፋቸው የሚወጣውን ሁሉ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ቄስ አልነበረም፤ ፍትሐትም አልነበረም፤ ፓርኪንግ ላይ የቆሙ አንድ ጡረተኛ ባለታክሲ ብቻ ነበሩ። ውስጥ የነበርነው አንድ በአንድ እየወጣን ዙሪያቸውን ቆምን። የሕንፃው ሠራተኛ ፈረንጅ በሩን ይዞ ሊጠራን መጥቶ እስኪጨርሱ ጠበቀን። ከዚያ እኛ ገባን፤ እሳቸው እዚያው ቀሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሳቸውን ወደ ሥራቸው ለመመለስ ተሰበሰብን። እኔ ጭብጨባ ብቻ የሚቀረው ጉዳይ ነበር የመሰለኝ። ፓርኪንጉ ላይ የሆነው ነገር በስልክ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ጌይተርስበርግ ተዳርሷል፤ ሰው ሁሉ ሲያወራው አልቅሷል። አባባ ድምፅ ሲሰጥባቸው መቀመጥ አይገባኝም ብለው ኮሪደሩ ላይ ከለስላሳ መሸጫው ማሽን አጠገብ ወንበር ይዘው ተቀመጡ።

ገንዘብ ያዡ ተነሣ። «በእጅ ማውጣት አይሆንም፤ ሰው ይተዛዘባል። በምሥጢር ይሁን» አለ። ተቃውሞ አልነበረም። ወረቀት ተበተነ፣ ተሰበሰበ፣ ምክትሏ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ይመለሱ። ይመለሱ። አይመለሱ። ባዶ ወረቀት። አይመለሱ። እያንዳንዷ «አይመለሱ» በጥፊ የምትመታኝ ያህል ነበር። ማን ነው የጻፈው? አጠገቤ ያለችው ሴት ናት? እናቱን ያስቀበሩለት ያ ልጅ ነው? ሁሉም ወለል ወለሉን ያያል።

ተመለሱ። ግን በጥቂት ድምፅ ነበር። ሄደሽ ንገሪያቸው ተባልኩ።

«ተመልሰዋል፣ አባባ።»

«የታቀበ አለ?»

«አለ።»

«የተቃወመስ?»

መዋሸት አልቻልኩም። «እሱም አለ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከቤልጅየሙ የእኔ ባሰ» አሉና ተነሡ። ሊስቁ ሞክረው ነበር፤ ፊታቸው ግን እንቢ አላቸው።

ገብተው ሳይቀመጡ ገንዘብ ያዡ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። ባይሎው ይሻሻል፤ «ሊቀመንበሩ ያጸድቃል» የሚለው ወጥቶ «ሊቀመንበሩ ያውጃል» ይባል። በሉክሰምበርግ እንዲህ ነው የተደረገው አለ። እጄ ላይ የነበረው ብዕር ወደቀ። የራሴ ቃል ነበር፤ አንዲቷም አልጎደለችም። አባባ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ «ይህቺንስ አልነገርሽኝም» የሚል ዓይን ነበር።

ሐሳቡ አለፈ፤ ይህኛው በሰፊ ድምፅ። ምክትሏ ጨነቃት፤ ውሳኔውን ማን ይናገረው ብላ ወዲያ ወዲህ አየች። «አምጪው» አሏት አባባ። መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉት፣ አደረጉት። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙና ማንበብ ጀመሩ። እዚያች ቃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«‹ያውጃል› ነው የሚለው?»

«አዎ፣ አባባ» አለች ምክትሏ፤ ድምፅዋ አይሰማም።

«ሊቀመንበሩ የጠቅላላ ጉባኤውን ውሳኔ ያውጃል» ብለው ጨረሱ። ወረቀቱን አወረዱት። «እኔ ይህን አልደገፍኩትም። ልክ ነውም አልልም። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ሕጋችን ይህ ነው። አውጄያለሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። ገንዘብ ያዡ ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር፤ ከንፈሩን ነክሶ ጫማውን ያያል። የወሎዋ እናት ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እኔ እንግሊዝን አስተምሬያለሁ፣ ዴንማርክን አስተምሬያለሁ፤ ሥልጣን ከአንድ ሰው እጅ ሲወጣ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ያህል ጸጥ ይላል ብዬ አልገመትኩም።

ይቀየሙኛል ብዬ ለቀናት ፈራሁ። አልደውልላቸውም፣ ቢደውሉስ ብዬም እሳቀቃለሁ። በመጨረሻ ራሳቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ እነዚያ ነገሥታት ቀኑን ሙሉ ምን ያደርጋሉ?» ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«ሰው ይቀበላሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ፓርላማ ይከፍታሉ...»

«እሱንማ እኔም አደርገዋለሁ። ሌላስ?»

«ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይመጣና ያማክራቸዋል። ስሕተት መስሎ ከታያቸው ያስጠነቅቁታል። መከልከል ግን አይችሉም።»

«ማስጠንቀቅ ይችላሉ?»

«ይችላሉ።»

«ይበቃል» ብለው ዘጉት።

እውነትም በቃቸው። አሁን በየሳምንቱ ለቦርዱ አባላት ይደውላሉ፤ በብዛት ለገንዘብ ያዡ። መጀመሪያ ሰሞን ተማርሮ ነበር። ኋላ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ «አባባን ሳላማክር አልናገርም» ሲል ሰምቼ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ድምፅ ተሰጥቶ የማይወዱት ነገር ሲያልፍ ይነሣሉ፣ «አልደገፍኩትም» ይላሉ፣ ያውጃሉ፣ ይቀመጣሉ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ባለፈው የነገሩኝ ነው። ልጠይቃቸው አሌክሳንድሪያ ሄጄ ነበር። በሩን ከፍተው ገና ሳልቀመጥ፣ ኮሪደሩ ላይ የሚሰማ ያለ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰዎች እየመጡ ነው።»

«የምን ሰዎች?»

«የዕድሩ። ተደብቀው። እኔም፣ አባባ፣ እንደ እሱ መቃጠል እፈልጋለሁ እያሉኝ። ያ ስብሰባ ላይ ‹ልጆቻችን ሁላችንንም እንዲህ ያደርጉናል› ብለው የጮኹት ሽማግሌ ሳይቀሩ!»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። «እሳቸው?»

«እሳቸው! የመቃብርን ጨለማ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል አሉኝ። ሰዉን እኮ አላውቀውም ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት ስቀብር!» እጃቸውን ዘረጉ፤ ግራ የገባው ሰው እጅ ነበር። «ለምንድን ነው ወደ እኔ የሚመጡት? የተቃወምኩት እኔ አይደለሁ?»

«መከልከል ስለማይችሉ ይሆናል» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር።

«ታዲያ ምን ይሏቸዋል?» አልኩ።

«ምን እላቸዋለሁ! አልስማማም እላቸዋለሁ። እሳት ለሰው አይገባም፣ ተው፣ አስቡበት እላቸዋለሁ። ከዚያ ለሚስትህ ነግረሃል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አልነገርኩም ይላል። ሂድና ዛሬውኑ ንገራት፤ ሬሳ ተኝቶ አንጣላ እላለሁ።» ሳቃቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ሻይ ልጣድልሽ?»